ከመጀመሪያው መስመር በላይ

ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ከመነሻው የምናገረው ትሑት ለመምሰል አይደለም። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት እየፈራሁ ስለሆነ፣ እሱን ደብቄ ስለ ሥራዬ ብጽፍ ግማሹን መዋሸት ይሆንብኛል። በፈረንጆቹ 2017 የምሠራበት የጭነት መኪና ሚዛን ፕሮግራም ተገዝቶ በመጣ አዲስ ፕሮግራም ሲተካ እኔም አብሬ ተተካሁ። አዲሶቹ ባለሙያዎች የእኔንና የአስተማሪዬን ፋይሎች በአንድ ከሰዓት በኋላ አጠፏቸው። ጠረጴዛዬን ባዶ አድርጌ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አሉኝ። እኔን የገረመኝ ግን ሳልባረር መድረሴ ነበር።

ጅቡቲ የገባሁት በፈረንጆቹ 1998 ነው፤ ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነበር። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ መረጃ አስገባ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ ሥራ ፈታሁ፤ ጎረቤቴ የነበረች ልጅ «ጅቡቲ የቤት ሠራተኛ ይፈልጋሉ» ብላ ይዛኝ ሄደች። ጋቦዴ በሚባል ሰፈር ማዳም ሳፊያ የምትባል ሴት ቤት ተቀጠርኩ። የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረኝም። ዳቦ ልገዛ ስወጣ የፖሊስ መኪና ከየትኛው መታጠፊያ ሊመጣ እንደሚችል እያሰላሁ ነበር የምሄደው፤ አፈሳ አለ የተባለ ቀን ቤቱ ያለ ዳቦ ይውል ነበር። ማዳም ሳፊያ አንድም ቀን ስለ ዳቦው ጠይቃኝ አታውቅም።

ሳፊያ ጅቡቲያዊት ናት፤ ያደገችው ግን ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። አንቱታ አትወድም። «አንቱ ስትዪኝ የሞትኩ ይመስለኛል፣ ተዪኝ አቦ» ትለኛለች። የምትሠራው ከወደቡ ዕቃ ተረክቦ ወደ ኢትዮጵያ በሚያሻግር አንድ ድርጅት ውስጥ ነበር። የጭነት መኪኖች በትልቁ ሚዛን ላይ ሲቆሙ ክብደታቸውን የሚመዘግበውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። ማታ ማታ የታተመ የፕሮግራም ወረቀት ይዛ ትመጣና ሳሎን ወለል ላይ ዘርግታ ታነባለች።

አንድ ቀን ሸሚዝ ስተኩስ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ምን እንደሚል አይገባኝም፤ ግን ስንት ዓመት ቁጥር ሳስገባ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ማዳም፣ እዚህ ጋ ሠላሳ ሁለት ይላል፣ እዚያ ታች ግን ሠላሳ አንድ ነው» አልኩ።

«ማን ነው የነገረሽ?»

«ማንም። አየሁት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያጠፋሁ መስሎኝ ካውያውን አስቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱን ለሁለት ሆነን ማንበብ ጀመርን። በሁለተኛው ዓመት ፈቃዴን አስጨርሳ ድርጅቱ ውስጥ መረጃ አስገቢ አድርጋ አስቀጠረችኝ። ደመወዙ ቤቷ ከምትከፍለኝ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ እኔ ግን ስሜ የተጻፈበት ባጅ አንገቴ ላይ ሲንጠለጠል ከማንም የምበልጥ መሰለኝ። ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረችኝ በምሳ ሰዓት ነው፤ ከተማው በሙቀቱ ምክንያት ሲተኛ እኛ የማሽኑ ክፍል ቬንቲላተር ሥር እንቀመጣለን።

የሳፊያን ልማዶች እስከ ዛሬ አልተውኳቸውም። «ማን ነው የነገረሽ?» የዘወትር ጥያቄዋ ነው። ፕሮግራሙ ይሠራል ብላት፣ ማን ነገረሽ? ፋይሉ አለ ብላት፣ ማን ነገረሽ? የጻፍነውን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ከወንበሯ ተነስታ ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነበዋለች፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እንደመጣላት። አንድም ማስጠንቀቂያ ሳታጠራ ወደ ቤት አትሄድም። ደግሞ ኮምፓይለሩ ከሌላ ፋይል የተጠራውን ሁሉ አስገብቶ አሕጽሮቱን ሁሉ ፈትቶ የሚያየውን ረጅም ጽሑፍ ታሳትምና በማስመሪያ መስመር በመስመር እየተከተለች ታነባለች። «እኔ የጻፍኩትን አይደለም የሚተረጉመው፤ ይሄን ነው የሚተረጉመው» ትላለች።

ከሁሉም በላይ ግን የመጀመሪያዋ መስመር ነበረች። ይህቺን ማስረዳት አለብኝ፤ ጉዳዩ ሁሉ እሷ ላይ ነውና።

ሲ በሚባለው ቋንቋ የሚጻፍ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ፋይል የሚከፍተው፣ ሰዓት የሚያየው ከሲስተሙ ላይብረሪ እየተዋሰ ነው፤ የሚዋሰውም ሄደር የሚባሉ ፋይሎችን ከላይ በመጥራት ነው። ላይብረሪው ግን ያለውን ሁሉ ለመጣው ሁሉ አያወጣም። የየትኛውን ዘመን ደንብ እንደምትከተል፣ ምን ያህል ትልቅ ፋይል መክፈት እንደምትፈልግ አስቀድመህ መናገር አለብህ። የሚነገረውም ማክሮ በምትባል አንዲት አጭር መስመር ነው። ዋናው ነገር ቦታዋ ነው፤ ከመጀመሪያው ሄደር በፊት መምጣት አለባት። ምግብ ቤት ገብተህ ጾመኛ መሆንህን የምትናገረው ትእዛዝህ ወጥ ቤት ሳይገባ ነው። ከገባ በኋላ ብትናገር የሚሰማህ የለም፤ የሚቆጣህም የለም፤ የመጣልህን ትበላለህ።

ሳፊያ በእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ ያቺን መስመር ትጽፍና ጣቷን ታሳርፍባታለች። «ከዚህች በላይ አላህ ብቻ ነው ያለው። አንቺ ብትሆኚም ከላይዋ አትቀመጪም፣ ወላሂ እጅሽን ነው የምቆርጠው።» ያለውን ሁሉ በአንዴ የሚጠይቅ ማክሮም አለ፤ እሱን ግን አትወደውም ነበር። ስማቸው አንድ ሆኖ ሥራቸው የሚለያይ ነገሮችን ጎትቶ ያመጣል ትላለች። የሚያስፈልገንን ብቻ ጠይቀን የምንጠይቅበትን ምክንያት አጠገቡ እንድንጽፍ ታስገድደኝ ነበር። የመኪና ሚዛኑ በየሰኮንዱ የሚልከው ክብደት ሁሉ የዓመቱ ፋይል ውስጥ ስለሚገባ ፋይሉ ያብጣል፤ ማሽናችን ደግሞ ሠላሳ ሁለት ቢት የሚባለው ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ትልቅ ፋይል እንዲከፈትልህ አስቀድመህ ካልጠየቅህ ከሁለት ጊጋባይት በላይ የሆነውን አይከፍትልህም። የእኛ መስመር የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ሌላም ነገር ታስተምረኝ ነበር። መዝገብ የሚፈልግ ፕሮግራም ሦስት መልስ ሊኖረው ይገባል፤ አለ፣ የለም፣ አላውቅም። ፋይሉን መክፈት ካልቻለ «የለም» የማለት መብት የለውም።

በ2005 ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ ጡረታ ወጥታ ታጁራ ልጇ ዘንድ ሄደች። የማሽኑ ክፍል ቁልፍ እጄ ላይ ሲቀር ለሦስት ሳምንት ያህል ምግብ አልዋጥልሽ አለኝ። ጠዋት ገብቼ ማሽኑ እየሠራ ሳገኘው ተመስገን እላለሁ፤ ማታ ስወጣ እንደገና እፈራለሁ። ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት፤ ጥጋብም መጣ።

የእኛ ሁለት ሺህ ዓመት በገባ ሰሞን፣ በፈረንጅ 2007 መሆኑ ነው፣ ዲሬክተሩ ጠራኝ። ሾፌሮቻችን ጋላፊ ድንበር ሲደርሱ የኢትዮጵያ ወረቀት በሐበሻ አቆጣጠር ነው፣ የድርጅቱ ደግሞ በፈረንጅ፤ በየቀኑ ክርክር ነው። «መዝገብ መፈለጊያው ሁለቱንም ቀን እንዲያሳይ አድርጊ» አለኝ። ለዚህ ደግሞ ከእኔ ሌላ ማን ነበር? አንድ ወር ሙሉ ለፍቼበት የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን እንኳ የማይስት የቀን መለወጫ ጻፍኩ። የራሴ የሆነ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ራሱን የቻለ ሄደር አድርጌው፣ ማንም ፋይሉን ሲከፍት ቀድሞ እንዲያየው ብዬ በመፈለጊያው ፕሮግራም አናት ላይ ጠራሁት።

ከሳፊያ መስመር በላይ ነበር የጠራሁት። ቀን መለወጫው ደግሞ ውስጡ የሰዓት ሄደር ይጠራል። መስመሯ አልጠፋችም፤ በሁለተኛ ቦታ ተቀምጣ ትታያለች፤ ግን ላይብረሪው ቀድሞ ወስኖ ጨርሷል። ኮምፓይለሩ ምንም አላለም። ዲሬክተሩ ደግሞ ስክሪኑን አይቶ «አላውቅም የሚል ማሽን ሰው ያስቃል፣ አውጪው» ስላለኝ አላውቅምን አወጣሁት። ፋይሉ ባይከፈትም፣ ተከፍቶ መዝገቡ ባይገኝም መልሱ አንድ ሆነ፤ የለም።

ክብደቱን የሚመዘግበውን ፕሮግራም ስላልነካሁት እሱ በሳፊያ መስመር እንደ ደንቡ መጻፉን ቀጠለ። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ሚዛን ተተክሎ ስለነበር ፋይሉ ሁለት ጊጋን አለፈ። ያለፈበትን ቀን አላወቅሁም። መዝገብ የሚፈለገው አንድ ነገር ሲያጠራጥር ብቻ ስለሆነ ለቀናት የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የበር ጥበቃ ኃላፊው የሚዛን ወረቀት ይዞ መጣ። ስኳር የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና ነው፤ የወረቀቱ ቀለም ስለፈዘዘ ሐሰተኛ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ሾፌሩን አላየሁትም፤ ያየሁት የታርጋ ቁጥር ነው። አስገባሁት፤ «የለም» አለ። ኃላፊው በጽሑፍ አድርጊልኝ አለኝ። ይህ ታርጋ በእኛ ሚዛን ላይ እንዳልተመዘነ በፈረንሳይኛ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ማኅተም አደረግሁ። ማን ነው የነገረሽ የሚለኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ሾፌሩ ሰነድ በማጭበርበርና ጭነት በመስረቅ ተጠርጥሮ ጋቦዴ እስር ቤት ገባ።

ዓርብ ዕለት በሬ ተንኳኳ። ከሠላሳ ያልዘለለች ልጅ ናት፤ ላብ በላብ ሆናለች።

«እትዬ ዘውዴ ማለት እርስዎ ነዎት? አስቴር እባላለሁ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ከሚዛኑ ቤት አንዲት ሐበሻ አሉ ብለውኝ ነው።»

«ግቢ ልጄ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ወንድሜን አሰሩብኝ። ደምሴ ይባላል፤ ሾፌር ነው። አልተመዘነም ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ሚዛኑ ላይ ቆሜያለሁ እያለ ይምላል። አሁን ከእሱ ነው የመጣሁት። እትዬ፣ ወንድሜ እኮ የሰው ነገር አይነካም። አንድ ወረቀት አለ አሉ፣ የተፈረመ። በእሱ ነው የያዙት።»

«የማን ፊርማ ነው አሉሽ?» አልኩ።

«አልነገሩኝም። ማንም ይሁን፣ እርስዎ ይጠይቁልኝ። ማዳሜ ከዓርብ ሌላ ቀን አታስወጣኝም።»

አጣራለሁ አልኳት። ውኃ ሰጠኋት፤ ስትጠጣ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ከሄደች በኋላ ስለ ወንድሟ ሳይሆን ስለ ራሴ ፈራሁ። እውነቱን ልናገር ብያለሁና ይኸው ተናገርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚዛኑ ጋ ሄጄ ቆምኩ። አንድ መኪና ወጣ፣ ተመዘነ፣ ወረደ፤ ታርጋውን መዳፌ ላይ ጻፍኩ። ወደ ማሽኑ ክፍል ተመልሼ አስገባሁት።

«የለም» አለ።

እንደገና አስገባሁ። የለም። ትናንት የተመዘነውን፣ ያለፈው ወር የተመዘነውን፣ ሁሉንም። የለም፣ የለም፣ የለም። ያን ሁሉ መኪና እንዳልነበረ አድርጋ ስክሪኑ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ታጁራ ደወልኩ። እያለቀስኩ የነገርኳትን ሳፊያ ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር አንብቢልኝ» አለች።

አነበብኩላት። የቀን መለወጫዬ ስም ነበር።

«ዘውዴ፣ ማን ነው ከላይዋ የተቀመጠው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሰውዬው ስንተኛ ቀኑ ነው?»

«አምስተኛ።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ምን ትሠሪያለሽ? ዝጊው አቦ።»

ማስተካከሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። መስመሯን ወደ ቦታዋ መለስኩ፤ የደምሴ መኪና ከነሰዓቱ ከነክብደቱ ወጣ። በኋላ መስመሯን ከፋይሎቹ አውጥቼ ኮምፓይለሩ ራሱ በሚጠራበት ትእዛዝ ውስጥ አስገባኋት፤ እዚያ ማንም ከላይዋ ሊቀመጥ አይችልም። የፋይል ቦታ መቁጠሪያው ስምንት ባይት ካልሆነ ፕሮግራሙ ጭራሽ እንዳይሠራ የሚያስቆም ፍተሻም ጨመርኩ። አላውቅምንም መለስኩት። ይህን ሁሉ ስሠራ አልፈራሁም። ፕሮግራም ማረም ቀላል ነው፤ አይቆጣም።

ፊርማዬን እንደምሽር የሚገልጽ ደብዳቤ ለፍርድ ቤት ጽፌ ዲሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። አነበበው፤ ሁለት ጊዜ።

«ይህ ሲወጣ ደንበኛ ሁሉ የእናንተ ሚዛን ይዋሻል ይላል» አለኝ በፈረንሳይኛ። «ሰውዬው ጠበቃ ይይዛል፣ ነገሩ በራሱ ጊዜ ይጠራል። አንቺ ምን አስቸኮለሽ?»

«ሙሲዬ ዲሬክተር፣ ሰውዬው ተመዝኗል እኮ።»

«ይህን ደብዳቤ ካስገባሽ በሚቀጥለው ዓመት ለመኖሪያ ፈቃድሽ የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ገባና ሰነበተ። እሑድ አለፈ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። የፍርድ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ያ አፈሳ እየፈራሁ ዳቦ የምገዛበት ዘመን መልሶ የሚመጣብኝ መሰለኝ። ዓርብ ሲደርስ ግን አስቴር መጥታ «አጣሩልኝ?» ማለቷ ነው። ከፖሊሱም፣ ከዲሬክተሩም ይልቅ ያን ጥያቄ ፈራሁት። ስለዚህ ሐሙስ ረፋድ ላይ ገብቼ አስረከብኩ። ሰዎች ድፍረት ይሉታል፤ ያንን ፍርሃት ሌላ ፍርሃት አሸንፎት ነው።

የፍርድ ቤት ነገር ወዲያው አይሆንም። ደምሴ ሲፈታ ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። እኔን አላባረሩኝም፤ የሚዛኑን ፕሮግራም የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። የደረጃ ዕድገት ግን እስክወጣ ድረስ አላየሁም፤ ለፈቃዴም ዲሬክተሩ በየዓመቱ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ነበር የሚጽፍልኝ።

በተፈታ በማግስቱ የቢሮዬን መስኮት አንድ ረጅም፣ ጺሙ ያደገ ሰው አንኳኳ። ልብሱ ሰፍቶታል።

«እትዬ ዘውዴ፣ ደምሴ ነኝ። የአስቴር ወንድም።»

«እንኳን እግዚአብሔር አስፈታህ» አልኩ፤ ግባ ልለው ስነሳ ጠረጴዛው መታኝ።

«አስቴር እሳቸው ናቸው ያስፈቱህ ብላኛለች። አመሰግናለሁ። ይህን የመፈቻ ወረቀት ለመኪናው ባለቤት ማስረዳት አለብኝ፤ በፈረንሳይኛ ነው። ቢያነቡልኝ ብዬ ነው።»

ተቀበልኩት። አንድ ገጽ ነው። ወደ አማርኛ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርኩ። ተጠርጣሪው ደምሴ እከሌ፣ በዚህ ቀን የተያዘ፤ የመኪናው ታርጋ ይህ የሆነ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መስመር፣ ተጠርጣሪው የተያዘው የሚዛን ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘውዴ በሰጠችው የጽሑፍ ማረጋገጫ መሠረት ነው ይላል። ስሜ ሙሉውን ነበር። ዓይኔ አየው፤ አፌ ዘለለው። ኃላፊዋ ስህተት መኖሩን ገልጻ ስለጻፈች፣ ክሱ ተቋርጦ በነፃ እንዲለቀቅ፤ ብዬ ጨረስኩ።

ደምሴ ወረቀቱን አልተቀበለኝም።

«አስቴር ስታነብልኝ እዚህ መሐል አንድ መስመር ጨምራ ነበር» አለ።

«አስቴር ፈረንሳይኛ ታነባለች?»

«ስምንት ዓመት የማዳሟን ልጆች የቤት ሥራ እኮ ያሠራችው እሷ ናት።»

የቤት ሠራተኛ ታነባለች ብዬ አለማሰቤ። እኔ ራሴ ከየት ተነስቼ ነው? ወረቀቱን እንደገና ከፍቼ ያቺን መስመር አነበብኩለት፤ ስሜን ከነአባቴ። አንብቤ ስጨርስ ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲጮህም ፈልጌ ነበር።

ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ዛሬ ወደ አገሬ ልጫን ነው» አለ። «ባለቤቱ ሌላ ሾፌር ቀጥሯል፤ እኔ የምሄደው በተሳፋሪነት ነው። ከእንግዲህ በዚህ መስመር የምመጣ አይመስለኝም። አስቴር ግን እዚህ ትቀራለች። ብትታመም፣ አፈሳ ቢመጣ፣ ማዳሟ ብታስወጣት፣ የምትሄድበት የላትም። ከእርስዎ ሌላ የማውቀው ሰው የለም።»

ራሴን ነቀነቅሁ። እሱ ግን አልሄደም። መስኮቱን ተደግፎ ዓይን ዓይኔን እያየ ቆመ፤ በአፌ እንድለው እየጠበቀ ነበር።

«እሺ» አልኩት።